አዲስ ስልክ ይገዛ ወይስ ያለው ይበቃል?

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

ካርቱም ሁለት ታላላቅ ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከጣና ሐይቅ የሚነሣው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ እዚያ ይቀላቀላሉ። ከኢትዮጵያ ወደ ካርቱም የሚወርደው ግን ውሃ ብቻ አይደለም። በመተማ በኩል ድንበሩን እየተሻገሩ ለሥራ ወይም ከችግር ለመሸሽ ወደዚያች ከተማ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሰው ቤት፣ አንዳንዶቹ በምግብ ቤት፣ ሌሎቹም በመንገድ ዳር ሻይና ቡና በማፍላት ሲተዳደሩ ኖረዋል። በሰው አገር ለሚኖር እንዲህ ላለ ሰው የእጅ ስልክ የጌጥ ዕቃ አይደለም። የእናቱን ድምፅ የሚሰማው፣ የላከው ገንዘብ መድረሱን የሚያረጋግጠው፣ ሥራ መኖሩን የሚጠይቀው በስልኩ ነው። ስለዚህም ስልክ ለመለወጥ ሲያስብ የሚገጥመው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በካርቱም ሻይ እያፈላች የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ትታሰብ። ስልኳ ሦስት ዓመት አገልግሏል። የመስተዋቱ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ባትሪው ጧት ተሞልቶ ማታ ሳይደርስ ያልቃል፤ ካሜራውም ደብዝዟል። እናቷ በአገር ቤት ሆና በስልክ ስታያት፣ «ልጄ፣ ፊትሽ አይታየኝም፤ ከስተሽ እንደ ሆነ እንዴት ልወቅ?» ትላታለች። ወጣቷ በሁለት ዓመት ውስጥ 600 ዶላር አጠራቅማለች። ሱቅ አል-ዓረቢ በተባለው የካርቱም ገበያ አንድ ነጋዴ በ900 ዶላር የሚሸጥ አዲስ ስልክ አሳያትና፣ «እኅቴ፣ 600ውን አሁን ክፈይ፤ የቀረውን በየወሩ ታመጪልኛለሽ» አላት። ጓደኛዋ እንዲህ ያለውን ስልክ ከገዛች ሰንብታለች። ወጣቷ መልስ ሳትሰጥ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንዲህ ያለ ውሳኔ በጥድፊያ ሳይሆን ነገሩን ከፍሎ በመመርመር መወሰድ ይገባዋል። በመጀመሪያ የሚመረመረው የዋጋው ነገር ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን አይፎን በ1999 ዓ.ም. ለገበያ ሲያቀርብ በአሜሪካ የተሸጠው በ499 እና በ599 ዶላር ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አይፎን ኤክስ ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋው 999 ዶላር ሆነ። በዚያው ዘመን ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሚባሉት የቻይና ስልኮች በአነስተኛ ዋጋ በአፍሪካ ተስፋፉ። እነዚህ ስልኮች ሁለት ሲም ካርድ የሚይዙና ባትሪያቸው ረዥም ጊዜ የሚቆይ በመሆናቸው ለብዙ ሰው ተስማሙ። ከዚህ እንደሚታየው ውድ ስልክ ሁሉ ለሁሉም ሰው የተሻለ ስልክ ነው ማለት አይቻልም። የሚሻለው ለባለቤቱ ኑሮ የሚስማማው ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመረመረው የአገሩ ሁኔታ ነው። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። በየካቲት 2007 ዓ.ም. የግል መገናኛ መሣሪያዎች ወደ ሱዳን እንዲገቡ ተፈቀደ፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ የማዕቀቡ አብዛኛው ክፍል ተነሣ። አንድ ዕቃ በቀጥታ ከአምራቹ ሳይሆን በብዙ ነጋዴዎች እጅ አልፎ ሲመጣ፣ ዋስትናው የሻጩ ቃል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስልኩ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ይህ መጠየቅ አለበት።

ከዚህም ጋር የገንዘብ መርከስ አለ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት የፓውንዱን የምንዛሪ ዋጋ ሲለውጥ፣ በ55 ፓውንድ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን 375 ፓውንድ ገባ። አንዳንድ ሰዎች ይህን እያዩ፣ «ገንዘብ በሚረክስበት አገር ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል» ይላሉ። አባባሉ ለፓውንድ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ስልክ እንደ ወርቅ ዋጋውን ጠብቆ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። አዲስ ዓይነት ስልክ በወጣ ቁጥር ያለፈው ዓመት ስልክ ዋጋው ይወርዳል። ዶላር ያጠራቀመ ሰው ዶላሩን በስልክ ቢለውጥ፣ የሚቆየውን ሰጥቶ የሚያልቀውን መቀበሉ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመረመረው የአሮጌው ስልክ ጉድለት ነው። የወጣቷን ስልክ ያደከመው ዋናው ነገር ባትሪው ነው። በዘመናዊ ስልኮች ውስጥ ያለው የሊትየም ባትሪ በተሞላ ቁጥር ጉልበቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። አፕል አይፎን 14ንና ከእርሱ በፊት የወጡትን በሚመለከት በሰጠው መግለጫ፣ ባትሪው 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ ከመጀመሪያው አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ገልጿል። ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀትም ባትሪውን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። በካርቱም ደግሞ በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ በከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠው አሮጌ ስልክ የደረሰበት ድካም አዲሱም ስልክ ሲቆይ የሚደርስበት ነው።

ስለ ባትሪ የሚነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አፕል ባትሪያቸው ያረጀባቸውን አንዳንድ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ሲል ፍጥነታቸውን መቀነሱን አመነ። ደንበኞች ተቆጡ፤ ኩባንያውም የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ። ባትሪው የተለወጠለት ስልክ ፍጥነቱ ይመለስለት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ «ስልኬ አርጅቷል» ከማለት በፊት ያረጀው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአራተኛ ደረጃ ስሌቱ ይመጣል። ለምሳሌ የአሮጌው ስልክ ባትሪ በ40 ዶላር ቢለወጥና ስልኩ ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ ለአንድ ዓመት የሚደርሰው ወጪ 20 ዶላር ነው። መካከለኛ ስልክ በ200 ዶላር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢያገለግል ለዓመቱ 50 ዶላር ይደርሳል። የ900 ዶላሩ ስልክ ስድስት ዓመት እንኳ ቢቆይ ለዓመቱ 150 ዶላር ይወጣበታል። ይህም ሳይሰበር፣ ሳይጠፋና ሳይሰረቅ ስድስቱን ዓመት ከዘለቀ ነው። በዚህ ላይ 300 ዶላሩ ዕዳ ነው። ከወጣቷ ጎን ሻይ የሚያፈሉ አንዲት ጎንደሬ እናት የነጋዴውን ሐሳብ በሰሙ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ይኸማ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» አሏት።

ሆኖም ውድ ስልክ ሁልጊዜ ከንቱ ወጪ ነው ማለት ስሕተት ነው። በፎቶግራፍ ወይም በዜና ሥራ ለሚተዳደር ሰው ጥሩ ካሜራ እንደ ገበሬ ማረሻ የሥራ መሣሪያ ነው፤ የወጣበትንም ገንዘብ ሠርቶ ሊመልስ ይችላል። ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣባት ካርቱም አቧራ የማያስገባ ስልክም ጥቅም አለው። የደኅንነት ማሻሻያም ሊታሰብ ይገባል። ማሻሻያው የተቋረጠበት ስልክ ለአጭበርባሪዎች ሊጋለጥ ስለሚችል፣ የባንክ ሒሳብን በእርሱ ማንቀሳቀስ ያሠጋል። ሳምሰንግ በጥር 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ኤስ 24 የተባለውን ስልክ ሲያወጣ ማሻሻያውን ለሰባት ዓመት እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ፣ «ስልኩ ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው ሳይሆን፣ «ጥሩነቱ ለእኔ ሥራና ኑሮ ምን ይጨምራል?» የሚለው ነው።

በመጨረሻ የሚመዘነው የሚተወው ነገር ነው። አንድ ገንዘብ ለሁለት ጉዳይ አይወጣም። ወጣቷ 600 ዶላሩን ለስልክ ብትሰጥ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ወጪ፣ የእናቷን መታከሚያና የራሷን መመለሻ መተዋ ነው። በሌላ በኩል እናቷ ፊቷን ለማየት መናፈቃቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ወጣቷ ይህን ሁሉ ካሰላሰለች በኋላ ባትሪውን አስለወጠች፤ የተሰነጠቀውን መስተዋት ተወችው፤ ከእናቷ ጋር ስትነጋገርም በቀን ብርሃን ደጅ እየወጣች ነበር። የቀረውን ገንዘብ ለክፉ ቀን አስቀመጠች። በጓደኛዋ ፊት ስልኳን ከቦርሳዋ ለማውጣት አንዳንድ ጊዜ ታፍር ነበር።

ክፉው ቀን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዕለት በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኀይሉ መካከል በካርቱም ከተማ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ባንኮች ተዘጉ፤ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ፤ የመጓጓዣ ዋጋ እጅግ ናረ። ብዙ ሺሕ ሰዎች ወደ መተማ፣ ወደ ግብፅና ወደ ሌሎችም አገሮች ተሰደዱ። በዚህ ጊዜ ስልክ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በግልጽ ታየ። የካርቱም ባንክ «ባንካክ» የተባለው የስልክ አገልግሎት ለብዙ ሱዳናውያን ገንዘብ መላኪያና መቀበያ ሆነ። ነገር ግን ሰው የፈለገው የሚሠራና ባትሪው የሚቆይ ስልክ እንጂ ከሩቅ የሚያነሣ ካሜራ አልነበረም። በየኬላው ስልክና ገንዘብ የተዘረፉ መንገደኞችም ብዙ ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ውዱም ርካሹም ስልክ እኩል ዝም አለ።

ወጣቷ ያስቀመጠችው ገንዘብ ለመተማ መንገድ ዋለ። ይሁንና ውሳኔዋ መልካም የሆነው ጦርነቱን አስቀድማ ስላወቀች አይደለም፤ አላወቀችምና። ውሳኔ የሚመዘነው በኋላ በደረሰው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ በተወሰነበት ጊዜ ይታወቅ በነበረው ነገር ነው። ወጣቷ የምታውቀው በሰው አገር መኖሯን፣ ዘመድ በቅርብ እንደሌላትና መጠባበቂያ እንደሚያስፈልጋት ነበር። ጓደኛዋም ስልኳን በመግዛቷ አትነቀፍም፤ ገንዘቡ የራሷ ነበር፤ ደስታም ሰጥቷታል። ነገር ግን አንዷ የገዛችው ሌላዋን ሊያስገዛት አይገባም። የሚያስፈልገውን ከሚያስመኘው ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ቢገዛም ቢተውም አይጸጸትም።

አዳዲስ ቃላት

ማዕቀብ፦ አንድ አገር ከሌላ አገር ጋር እንዳይነግድ የሚደረግ ክልከላ
ዋስትና፦ ዕቃው ቢበላሽ ለመጠገን ወይም ለመለወጥ የሚሰጥ ማረጋገጫ
መርከስ፦ ዋጋ መቀነስ፣ መርገፍ
መጠባበቂያ፦ ለችግር ጊዜ የሚቀመጥ ገንዘብ ወይም ዕቃ
ኬላ፦ መንገደኛ የሚፈተሽበት ቦታ

መልመጃ አንድ፦ ስለ ምንባቡ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ወጣቷ አዲስ ስልክ እንድትመኝ ያደረጓት ምክንያቶች ምን ምን ናቸው? ከእነርሱ ውስጥ አስፈላጊ የሆኑትን ከምኞት ለዩ።
2. «ገንዘብ በሚረክስበት አገር ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል» የሚለው አባባል ለስልክ የማይሠራው ለምንድን ነው?
3. የካርቱም ሙቀት በስልክ ባትሪ ላይ ምን ያደርሳል?
4. ውድ ስልክ መግዛት ተገቢ የሚሆነው ለእንዴት ያለ ሰው ነው?
5. የ900 ዶላሩ ስልክ በሦስተኛው ዓመት ቢሰረቅ ለአንድ ዓመት የሚደርሰው ወጪ ስንት ይሆናል?

መልመጃ ሁለት፦ ቋንቋ

ሀ. «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር በራሳችሁ ቃላት አብራሩ። በምን በምን ጊዜ እንደሚነገርም ሁለት ምሳሌ ስጡ።
ለ. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አሟሉ።
1. ወጣቷ 600 ዶላሩን ለነጋዴው ከፍላ ቢሆን ኖሮ ……………።
2. ባትሪው ባይለወጥ ኖሮ ……………።

መልመጃ ሦስት፦ ክርክርና ድርሰት

ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፍሎ «ወጣቷ አዲሱን ስልክ መግዛት ነበረባት» በሚለው ርእስ ላይ ይከራከር። ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ እርሱ ወይም ቤተ ሰቡ ሊገዙት አስበው የተዉትን ወይም የገዙትን አንድ ዕቃ መርጦ፣ በምንባቡ የተገለጹትን አምስት የመመርመሪያ ነጥቦች በመከተል ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ይጻፍ።