የቤንዚን ሞተር ብናኝ ማጣሪያና አያያዙ፦ ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመንገድ ሁኔታ አንጻር

መግቢያ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ ቀደም ብለው የገቡትን የቤንዚን መኪኖች ዕድሜ ማራዘም ትርጉሙ ጨምሯል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከሚታዩት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ቆየት ያሉና ብናኝ ማጣሪያ የሌላቸው ናቸው። ዘመናዊ የሚባሉት ግን ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ኢንጀክተር አላቸው። ይህ አሠራር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ሆኖም ቤንዚኑ ከአየር ጋር በደንብ ለመዋሐድ ጊዜ ስለሚያጥረው እጅግ ደቃቅ ጥላሸት ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት ለእነዚህ ሞተሮች ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ኪሎ ሜትር 600 ቢሊዮን ቅንጣት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። ማጣሪያው በስፋት የተገጠመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማጣሪያው አሠራር

ማጣሪያው የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ነው። ቀጫጭን ቱቦዎቹ አንዱ ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ የተደፈኑ በመሆናቸው ጭሱ የሚያልፈው ግድግዳውን ሰርጎ ነው፤ ጥላሸቱም በዚያ ይቀራል። የተጠራቀመው ጥላሸት ተቃጥሎ እንዲወገድ ሁለት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀትና ኦክስጅን። የናፍጣ ሞተር ጭስ ኦክስጅን አያጣም፤ የሚያንሰው ሙቀት ነው። የቤንዚን ሞተር ጭስ በተቃራኒው ትኩስ ነው፤ ኦክስጅን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለናፍጣ መኪና የሚሰጠው «ረጅም መንገድ በፍጥነት ንዳ» የሚለው ምክር ለቤንዚን መኪና ግማሽ መልስ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚገኘው አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ነው። መኪናው ማርሽ ላይ እንዳለ በራሱ ግፊት ሲሄድ ኢንጀክተሮቹ ይዘጋሉ፤ ንጹሕ አየር በጋለው ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ጥላሸቱም ይቃጠላል።

መንገዱ የሚሰጠው ዕድል

በአዳማ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚደረግ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚቆም ጉዞ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚያበቃ ጥላሸት ያከማቻል። ከከተማው የሚወጡት መንገዶች ግን የማጽጃ ዕድል ይሰጣሉ። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነሥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይወጣል። ዳገቱ ማጣሪያውን ያግላል፤ በመልሱ ቁልቁለት ደግሞ ኦክስጅን ይገኛል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ወደ አዳማ ሲመጡ በአመዛኙ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድ ግን ይህን ዕድል ያጠፋል። ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ማቃጠሉን ስለሚቀጥል ኦክስጅን አይተርፍም፤ ቁጠባ የተባለውም ብክነት ይሆናል። በሞተር የመያዝ ኃይልም ስለሚቀር ፍሬኑ ያለ ረዳት ይሠራል።

አመድ

ጥላሸት ይቃጠላል፤ አመድ ግን አይቃጠልም። አመዱ በዋናነት የሚመጣው በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ካሉ ማዕድናት ነው። አንድ ጤነኛ ሞተር በ1,000 ኪሎ ሜትር 0.1 ሊትር ዘይት ያቃጥላል እንበል። በ100,000 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር፣ ማለትም 8.5 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። የዘይቱ የአመድ መጠን 0.8 በመቶ ከሆነ 68 ግራም፣ 1.2 በመቶ ከሆነ 102 ግራም አመድ ይወጣል። የፒስተን ቀለበቶቹ ተበልተው ፍጆታው 0.5 ሊትር ከደረሰ ግን፣ አነስተኛ አመድ ያለው ዘይት እንኳ 340 ግራም ይተዋል። ያረጀ ሞተር በተሻለ ዘይት የሚያወጣው አመድ፣ ጤነኛ ሞተር ባልተመረጠ ዘይት ከሚያወጣው ከ3 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ስሌቱ የሚያመለክተው ከማጣሪያው ራቅ ወዳለ ክፍል ነው። በበጋ የስምጥ ሸለቆው አቧራ በተቀደደ ወይም በደንብ ባልተገጠመ የአየር ማጣሪያ በኩል ሲገባ ሲሊንደሩንና ቀለበቶቹን ይሞርዳል፤ የተሞረደው ሞተር ዘይት ይበላል፤ ዘይቱም አመድ ሆኖ ብናኝ ማጣሪያውን ይደፍናል። አምራቹ የፈቀደውን አነስተኛ አመድ ያለው ዘይት መጠቀም ተገቢ ነው፤ በርካሽ ዋጋ የሚለወጠው የአየር ማጣሪያ ግን ከዚያ ያላነሰ ጠባቂ ነው።

ማጠቃለያ

የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው የጉዞው ዓይነት፣ የዘይት ፍጆታው፣ የኢንጀክተሮቹ ሁኔታና ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ናቸው። ማጣሪያውን ቆርጦ ማውጣት መብራቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ጥላሸት የሚያመነጨውን ችግር ግን አይፈታም። ወጪውን ከመኪናው ባለቤት ወደ እግረኛውና ከጭስ ማውጫው አጠገብ በባጃጅ ወደሚሄደው ተሳፋሪ ሳንባ ያዛውረዋል።