መዝገቡ የሷ ነው

ነይማ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ የኔ እህት። ከቆላ ድባ ወጥተሽ ሕግ ተምረሽ፣ አሁን ደግሞ «ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ካሳ የምከራከር ጠበቃ ልሁን» ስትዪኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁልሽም። እኔም ያለፍኩበት መንገድ ነውና አውቀዋለሁ። ልብ ያለሽ ልጅ ነሽ፤ አንዴ ከነገርኩሽ ይበቃሻል።

መጀመሪያ ይችን ያዢልኝ። በወንጀሉ መዝገብ ከሳሹ ዓቃቤ ሕግ ነው፤ እሷ ምስክር ናት። ትጠራለች፣ ቃሏን ትሰጣለች፣ «ውጪ» ትባላለች። በፍትሐ ብሔሩ ግን «ከሳሽ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የሚጻፈው የሷ ስም ነው። አንቺ አፏ ነሽ እንጂ የነገሩ ባለቤት አይደለሽም። ከዚህ በኋላ የምነግርሽ ሁሉ ከዚችው የሚወጣ ነው።

ስትመጣ ቶሎ ብዕር አታንሺ። አንድ ጊዜ ቢሮዬ የመጣች ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ኋላ ሳይ ለካ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው የተቀመጠችው፤ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ትደነግጣለች። ተነሥቼ በሩን እንድታይ ወንበሩን አዞርኩላት፤ ያን ጊዜ መናገር ጀመረች። «ለምን አልጮኽሽም?» ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ አደራ። ጥያቄው በመስቀለኛ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ከለመደችሽ በኋላ፣ ለምን እንደምትጠይቂያት ነግረሽ አዘጋጂያት። ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይላትም በጽሑፍ አመልክቺ።

ቀን ቁጠሪ፣ የኔ ዓለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው የሚሰጥሽ። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ አንቺ ግን እሱን ተደግፈሽ እንዳትተኚ። ለራስሽ 2 ዓመት ብለሽ ቁጠሪና ቀድመሽ ድረሺ።

የወንጀሉ ክስ ተከፍቶ ከሆነ እዚያው ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል አትርሺ፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ይፈቅዳል። ጥያቄው የወንጀሉን ክርክር የሚያወሳስብ ከሆነ ግን ዳኛው ላይቀበሉሽ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ፍትሐ ብሔሩን ክፈቺ። ሰውየው በወንጀሉ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ እጅ አትስጪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛውን በነፃ መለቀቁ እንደማያስገድደው በግልጽ ይናገራል። «አለቀልኝ» ብላ አልቅሳ ስትመጣ ይህን አንቀጽ አውጥተሽ አንብቢላት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ጀማሪ ጠበቃ የሚወድቀው እዚህ ነው። የሞራል ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ታጥሯል። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። ስለዚህ ጉልበትሽን በቁሳዊው ጉዳት ላይ አውዪው። አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ሲፈቱ የተጨማደዱ ወረቀቶች ወጡ፤ የመድኃኒት፣ የካርድ፣ የራጅ ደረሰኝ። «ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም» አሉኝ። ክሱን በእግሩ ያቆመው ያ ቋጠሮ ነው። አንቺም ሁሉንም ልቀሚ፦ ሕክምናውን፣ ከቆላ ድባ ጎንደር የተመላለሰችበትን የመኪና፣ ያቋረጠችውን ትምህርት፣ የቀረባትን የቀን ሥራ። ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳትም በአንቀጽ 2092 ይካሳልና፣ የሚቀጥለውን ሕክምና በሐኪም ማስረጃ አስደግፈሽ አስገቢው።

ያ የ1,000 ብር አጥር የሰው ክብር ዋጋ እንዳይመስልሽ። በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። የወረዳው ፍርድ ቤት በሰውየው ላይ 10 ዓመት ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ለቀቀው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅት ጉዳዩን ይዘው እስከ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ድረስ ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. ኮሚሽኑ መንግሥት 150,000 ዶላር እንዲክሳት ወሰነ። ከጥቃቱ እስከ ውሳኔው ስንት ዓመት እንደሆነ ራስሽ ቁጠሪው። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል የምልሽ ለዚህ ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው ነበር። እነሱ በጠረጉት መንገድ ነው የምትሄጂው፤ ብቻዬን ነኝ እንዳትዪ።

ሽማግሌ ይመጣል። የአገራችንን ሰው ታውቂው የለ፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «ልጄ፣ ነገሩ በዕርቅ ይለቅ» ይልሻል። አክብሪ፣ ቡና አፍዪ፣ ከመቀመጫሽ ተነሺ። ግን «ያግባትና ይለቅ» ሲሉሽ ንቅንቅ አትበይ። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያን በር ዘግቶታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በካሳው ላይ መስማማት ከፈለገች መብቷ ነው፤ ግን ለብቻዋ፣ አባትም አጎትም በሌሉበት ጠይቂያት። እሷ እሺ ካለች ስምምነቱ ችሎት ቀርቦ በመዝገብ ይስፈር፤ በቃል የቀረ ዕርቅ አይፈጸምም።

መፈጸም ካልሽ ዘንዳ፣ ፍርድ ማግኘት ግማሽ መንገድ ነው። ክሱ ለተከሳሹ በደረሰው ማግሥት ከብቱ ገበያ ይወጣል፣ ቤቱ በወንድም ስም ይዞራል። ምልክቱን ካየሽ ንብረቱ እንዲከበር ወይም እንዲታገድ ሳትውዪ ሳታድሪ አመልክቺ። የዳኝነት የምትከፍለው ከሌላት ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በደኽነት መክሰስን ይፈቅዳል። «ገንዘብ ይዘሽ ተመለሺ» ብለሽ አትስደጃት፤ ያቺ ሴት ያን ቀን ከተመለሰች ዳግም አትመጣም።

ለራስሽም እዘኚ፣ አንቺ ልጅ። የሰማሽውን ሁሉ ይዘሽ አትተኚ፤ ምስጢር የሚጠብቅ የሙያ ባልደረባ ይኑርሽ። በሰላም ቀንም ቢሆን ለማስፈራራት የሚመጣ አይጠፋምና ማምሻውን ብቻሽን ቢሮ አትቀመጪ። ስትደክሚ ዕረፊ፤ የደከመ ጠበቃ ቀጠሮ ይረሳል፣ የተረሳ ቀጠሮ ደግሞ መዝገብ ያዘጋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፍርዱ ሲሰጥ ግልባጩን ከመዝገብ ቤት አውጥተሽ ፋይልሽ ውስጥ እንዳትከቺው። በእጇ ስጫት። ከላይ የተጻፈውን ስሟን ራሷ ታንብበው። ማንበብ ካልቻለች፣ የኔ እህት፣ ጣቷን ይዘሽ ስሟ ላይ አሳርፊና አንቺ አንብቢላት።