ከቤቶቹ በፊት መሬቱን ያዙ፦ በሚሰፋ ካውንቲ የእግርና የብስክሌት መንገድ አስተቃቀድ

እ.ኤ.አ. በ1990 የሰሜን ቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ 86 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቁጥሩ ከ420 ሺህ አለፈ። እርሻ የነበረው አሽበርን ዛሬ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ ቤቶችና መስኮት በሌላቸው የዳታ ማዕከሎች ተሞልቷል። እንዲህ ባለ ካውንቲ በዛፍና በሣር መሀል የሚያልፍ መንገድ የሚያቅድ ሰው ሽቅድድሙ ከቤት ገንቢዎች ጋር ነው። አስፋልቱ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊነጠፍ ይችላል፤ አንዴ የተሸነሸነ መሬት ግን በእጥፍ ዋጋም አይመለስም። የሚከተሉት ደረጃዎች በዚህ ቅደም ተከተል የተቀመጡትም ለዚሁ ነው።

ደረጃ 1፦ ያልተቆራረጠውን መሬት ፈልጉ

ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት በእግራችሁ ውጡ። የተተወ የባቡር መስመር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች የቆሙበት ሰፊ መሬትና ወንዝ ዳር ዋነኞቹ ናቸው።

የባቡር መስመር ያገኘ ሎተሪ ወጣለት ማለት ነው። በተተወ ሐዲድ ላይ የተሠራው፣ ደብሊው ኤንድ ኦ ዲ የሚባለው መንገድ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሴልቪል 45 ማይል ይዘልቃል፤ ወደ 72 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ባቡሩ በ1968 ሥራ ሲያቆም መሬቱ ለኤሌክትሪክ ኩባንያ ተላለፈ፤ የመንገዱ የመጀመሪያ ክፍል በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ ተከፈተ፤ ፐርሴልቪል የደረሰው ግን በ1988 ነው። ሃያ ዓመት ፈጅቷል። 100 ጫማ ያህል ስፋት ያለው መሬት ሳይበጣጠስ ስለቆየ ግን መዘግየቱ ብዙም አልጎዳውም።

ሐዲድ የሌለው ካውንቲ ወንዝ አያጣም። ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ቤት መሥራት የተገደበ ነው። ፍሳሽም ቁልቁል ስለሚወርድ ትልልቆቹ ቱቦዎች የሚቀበሩት እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። በሣሩ መሀል በየተወሰነ ርቀት ብቅ ያለ ክብ የብረት ክዳን ካያችሁ የቆማችሁት በቱቦው መስመር ላይ ነው፤ ዛፉ ተመንጥሯል፣ የጥገና መኪና ይገባበታል፣ ተዳፋቱም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ካውንቲው ቱቦ የመቅበር መብት አለው ማለት ሕዝቡ በላዩ የመሄድ መብት አለው ማለት አይደለም። የመተላለፊያ መብቱን ከባለመሬቱ ጋር ለብቻው መዋዋል ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ መድረሻዎቹን አያይዙ

ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ገበያ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ። አሽበርን ላይ ከኅዳር 2022 ጀምሮ የሜትሮ ባቡርም አለ። ሰው ሣሩን ረግጦ ያወጣውን ቀጭን አቋራጭ መዝግቡ፤ ከብዙ መጠይቅ ይበልጥ ይናገራል። መንገዱ ሁለት ቦታ ላይ ለጥቂት መቶ ሜትር ቢቋረጥ እናት ልጇን በብስክሌት አትልክም፤ ስለዚህ አዲስ ረዥም መንገድ ከመጀመር በፊት አጭሩን ክፍተት መድፈን ይቀድማል።

ደረጃ 3፦ መስመሩን ሕጋዊ ሰነድ ውስጥ አስገቡ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው፤ አሰልቺም ነው። ካውንቲውን የሚመራው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ባጸደቀው ዕቅድ ውስጥ ያልተሰመረ መንገድ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። በቨርጂኒያ አንድ ገንቢ የመሬቱ አጠቃቀም ምድብ እንዲለወጥለት ሲያመለክት ፕሮፈር የሚባል የጽሑፍ ግዴታ ሊያቀርብ ይችላል፤ ቦርዱ ከተቀበለው ግዴታው መሬቱን ተከትሎ ለገዢውም ይተላለፋል። ወንዝ ዳሩን ለካውንቲው መስጠት፣ በግቢው የሚያልፈውን ክፍል ራሱ አንጥፎ ማስረከብ በዚህ መንገድ ይገኛል። መስመሩ ቀድሞ ካርታው ላይ ካለ የካውንቲው ባለሙያ ጣቱን አስቀምጦ መደራደር ይችላል፤ ከሌለ ልመና ይሆናል። የአውራ ጎዳና ድልድይ እንደገና ሲሠራም ዲዛይኑ ሳያልቅ ድረሱ፦ ድልድዩ በጥቂት ሜትር ረዘም ቢል ከወንዙ ጎን የእግር መንገድ በሥሩ ያልፋል። በኋላ ለብቻው ማሠራት ኪስ ያራቁታል።

ደረጃ 4፦ ሰዉን አስቀድማችሁ አነጋግሩ

የጓሮ ባለቤቶች ሌባ ይገባል፣ ቤታችን ይታያል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱን አታጣጥሉ፤ ካስማ ተክላችሁ መንገዱ በትክክል የት እንደሚያልፍ አሳዩአቸው፣ አጥርና ዛፍ የት እንደሚሆን ተስማሙ። የስብሰባ አዳራሹን የሚሞሉት ግን ብዙ ጊዜ ጊዜ ያላቸው ባለቤቶች ናቸው። ተከራዩና የማታ ፈረቃ የሚሠራው አይመጣም። በሰሜን ቨርጂኒያ ከዚህ ወገን የኛም ሰው ብዙ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽና ካርታ ይዞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በር ላይ መቆም ከአሥር ኢሜይል ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ስፋቱንና መሻገሪያውን ወስኑ

በሁለት አቅጣጫ እግረኛና ብስክሌት ለሚጋሩት መንገድ የተለመደው ዝቅተኛ ስፋት 10 ጫማ (3 ሜትር) ነው፤ ግራና ቀኙ ቢያንስ 2 ጫማ ክፍት ይሁን። ዊልቸር የሚገፋ ሰው እንዳይቸገር ቁልቁለቱ ከመቶ አምስት ባይበልጥ ይመረጣል። ሰው የሚበዛበትን ቦታ አስቀድማችሁ ለዩ፤ ፎልስ ቸርች ላይ ደብሊው ኤንድ ኦ ዲ ኋላ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍሎ እንደ አዲስ ተሠርቷል። የመኪና መንገድ የሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ ለብቻው ይጠና። ባለ ብዙ መስመር ጎዳና ላይ ቀለም ብቻ ቀብቶ መተው ሰው ማስገጨት ነው፤ በመሀል ለእግረኛ መቆሚያ፣ መብራት ወይም ድልድይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ የጥገናውን ባጀት በስም ጻፉ

ሣሩን ማን ያጭዳል? የዛፍ ሥር ያነሳውን አስፋልት ማን ይቆርጣል? ጎርፍ ያመጣውን ደለልስ? ካውንቲው ወይስ የቤት ባለቤቶች ማኅበር? ሪባን ከመቆረጡ በፊት ይፈረም።