«ሰሊጡ ሲሸጥ እገዛልሃለሁ»

አብደራፊ ውስጥ የልጅ ልመና ቀጠሮው ሰሊጥ ነው። ጫማውም፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውም፣ የዒዱ ልብስም «ሰሊጡ ሲሸጥ» ይባላል። ስለዚህ ልጁ አዝመራውን ከአባቱ እኩል ይከታተላል። ሰሊጥ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው፤ ፍሬው ፈንድቶ ሳይረግፍ ይታጨዳል፣ ነዶው ታስሮ በሂላ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይራገፋል። ይህ ሁሉ አልቆም ገና የዋጋው ነገር አለ። በመጨረሻ ተሸጦ ብሩ ለዕዳ ሲሄድ ጫማው ይረሳል። ልጁ ግን አይረሳም።

ይህን ልጅ «ሰብር አድርግ» ማለት ቀላል ነው። በምን ተማምኖ?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ተመራማሪዎቹ ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆናቸው 28 ልጆች የተሻለ የሥዕል ዕቃ እንደሚያመጡላቸው ነገሯቸው። ለግማሾቹ አመጡላቸው፤ ለቀሩት «ለካ የለንም» አሏቸው። ቀጥሎ አንድ ጣፋጭ ፊታቸው አስቀምጠው፣ ሳይበሉ ለቆየ ሁለተኛ እንደሚሰጥ ነገሯቸው። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ የተዋሹት ግን 3 ደቂቃ ብቻ። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህ ልጆች ትዕግሥት አልጎደላቸውም፤ ከትልቅ ሰው ምን እንደሚጠበቅ ቶሎ ገብቷቸዋል።

አቡ ዳውድ ያሰፈሩት አንድ ሐዲስ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። አንዲት እናት ልጇን «ና፣ የምሰጥህ አለ» ብላ ስትጠራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ልጅን ዝም ለማሰኘት ብቻ «ኢንሻ አላህ» የምንል ወላጆች ይህን ሐዲስ ደጋግመን ብናስበው መልካም ነው። የአላህን ስም የእምቢታ መሸፈኛ ካደረግነው፣ ልጁ በስሙ የተገባ ቃል እንደማይፈጸም ይማራል።

ቃል የሚያፈርስ ሁኔታ ግን ይመጣል። በአጨዳ ጊዜ እርሻ ላይ የከረመ አባት «ጁሙዓ እመጣለሁ» ብሎ፣ ሐሙስ ሌሊት በጣለ ዝናብ ዋልካው መኪናውን ይይዘዋል። ስልክ ከሠራ ለእናትየው ብቻ ነግሮ አይዝጋ፤ ልጁን አቅርቦ መንገዱ እንዴት እንደተበላሸ፣ መቼ ሊነሳ እንዳሰበ ይንገረው። ዋጋ ሲወርድም እንዲሁ ነው። ልጁ ደላላው ላይ የሚጮህ አባት ካየ ጩኸቱን ይወስዳል። «ዛሬ አልሸጥም፤ ጫማህን ግን አልረሳሁም» ብሎ ሻዩን የሚጠጣ አባት ካየም ያንኑ ይወስዳል። ባንዱራና ሚሼል የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ ትልቅ ሰው ሲታገስ ወይም ሲቸኩል ያዩ ልጆች የራሳቸውም ምርጫ ወዳዩት እንዳዘነበለ አሳይተዋል።

ትልቁ ፈተና ረመዷን ነው፤ በተለይ ቆላው በሚነድበት በመጋቢት ሲውል። «ፆመኛ ነኝ፣ አትነካኩኝ» እያለ የሚውል ወላጅ ለልጁ ፆምን ከቁጣ ጋር አያይዞ ያስተምረዋል። የሰሓባ እናቶች ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበራቸው። ሩበይዕ ቢንት ሙዓዊዝ እንዳወሩት በዐሹራ ቀን ልጆቻቸውን ያስፆሙ ነበር፤ ልጅ ምግብ ብሎ ሲያለቅስ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ኢፍጣር ያቆዩታል። መጫወቻውን የሠሩት እነሱው ናቸው፤ ማለትም ልጁ ሲራብ ምን እንደሚሆን ቀድመው አስበውበታል።

እኛ ጋ ሱፉን የጨርቅ ኳስ ይተካዋል። ከዐስር በኋላ ያለውን ሰዓት ለዚህ ይተዉት፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሒሳብ መተሳሰቡ በጠዋት ይለቅ። ትንሹ ልጅ ግማሽ ቀን ፆሞ ቢበላ አያሳፍሩት። እርስዎ ራስዎ ቁጣ ሲመጣብዎት ቆመው ከሆነ ይቀመጡ፤ ካልበረደልዎት ጋደም ይበሉ። ይህም የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ነው። ልጁ «አባ፣ ምን ሆነህ ነው?» ቢል «ተናድጄ ነው፣ እስኪበርድልኝ ነው» ይበሉት።