ሰርቨር ማስተዳደርን ለሚጀምር ተማሪ

ሰርቨር ማለት ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። ውጤታችን የሚመዘገበው፥ የመመረቂያ ጽሑፋችን የሚቀመጠው በዚሁ ላይ ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን ጠባቂነቱን ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ብቻ ትተናል። ጽሑፍ እየጻፉ አጠባበቁን አለማወቅ ጎተራውን ሳያዩ እህል እንደ ማስገባት ነው።

ትምህርቱ የሚጀመረው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጅ ነው። የማንም ጽሑፍ የሌለበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈልገን ሊነክስን እንጫንበት። ሊነክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ብናበላሸው እንደገና እንጭነዋለን፤ በማበላሸትና በማቃናትም እንማራለን።

ቀጥሎ የሚጠናው ሥልጣን ነው። በሊነክስ ማንበብ 4፥ መጻፍ 2፥ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቈጠራል። ስለዚህ 640 የተባለውን ፋይል ባለቤቱ ያነበዋል፥ ይጽፍበታልም፤ ቡድኑ ያነበዋል፤ ሌላው ሰው አያየውም። ጀማሪ ሥራ እንቢ ሲለው 777 ብሎ ለሁሉም ሁሉን መፍቀድ ይቀናዋል። ይህ ቁልፍ ጠፋ ብሎ በሩን ነቅሎ መጣል ነው። ሩት የተባለው ባለ ሙሉ ሥልጣንም ሲሳሳት የሚያግደው ስለሌለ፥ እንደ ተራ ተጠቃሚ እየሠሩ ሲያስፈልግ ብቻ በሱዶ ሥልጣን መበደር ይገባል።

ሦስተኛው መዝገብ ማንበብ ነው። አገልግሎት ሲቋረጥ አጥፍቶ ማብራት ቀላል ነው፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ሰርቨሩ የሠራውንና የተሳነውን ከነሰዓቱ እየጻፈ ያስቀምጣል። የታሪክ ተማሪ ሰነድ ሳይመረምር እንደማይፈርድ ሁሉ፥ እኛም መዝገቡን ሳናነብ አንንካ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩ መሙላቱ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጂ ነው። ይህን ከራሳችን ታሪክ እንረዳዋለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የየገዳማቱን መጻሕፍት ፎቶግራፍ እያነሣ፥ ፊልሙን በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሁለት ቦታ አስቀምጧል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲቀር ነው። በሰርቨርም እንዲሁ ቅጂው ከዚያው ማሽን ውጭ፥ ቢቻል ከዚያው ሕንፃ ውጭ መቀመጥ አለበት። ደግሞም ተመልሶ ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ አይባልም፤ ስለዚህ በየጊዜው በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ መልሶ መክፈትና ማንበብ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የሠራነውን ሁሉ በቀንና በቅደም ተከተል በደብተር እንጻፍ። ተማሪ ይመረቃል፥ ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉንና አሠራሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፥ እሱ በሄደ ማግሥት ሰርቨሩ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይቀራል። እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ ሁለትና ሦስት እየሆናችሁ አሁኑኑ ጀምሩ፤ ከኋላችሁ ለሚመጣውም አስተምሩ። የተማሪ ጽሑፍ ከተማሪው ዘመን በላይ የሚኖረው እንዲህ ሲጠበቅ ነው።