ቀይ መስቀል ያለበት ድንኳን

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ጎረምሳ በመንገድ አገኘውና ደብተሩን ነጥቆ ጭቃ ውኃ ወዳለበት ቦይ ወረወረበት። ልጁ አለቀሰ እንጂ ጎረምሳውን ሊቋቋመው አልቻለም። በማግሥቱ ግን የጎረምሳውን ታናሽ ወንድም በትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻውን ቆሞ አገኘውና ድንጋይ አንሥቶ ግንባሩን ፈነከተው። ታናሹ ወንድም ስለ ደብተሩ ነገር ከቶ የሰማው አልነበረም።

መምህሩም ልጁን አስጠርተው «ይህን ልጅ ስለ ምን መታኸው?» ብለው ጠየቁት።

«መምህር ሆይ፥ ወንድሙ በደለኝ» ብሎ መለሰ።

«ይህስ ምን አደረገህ?»

«ይህ ምንም አላደረገኝም። ነገር ግን ወንድሙን አልችለውም» አለ።

መምህሩ አልተቈጡም፥ አልገረፉትምም። የተመታውን ልጅ ግንባር አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አሰሩለት። የታሪክ ትምህርት ሰዓት በደረሰ ጊዜም ተማሪዎቹን ሁሉ ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ፤ በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠውም የሚከተለውን ታሪክ ነገሩአቸው።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ሐይቅ በ1928 ዓ.ም. ዛሬ እንደምታዩት በከተማ የተከበበ አልነበረም። ሐዋሳ የተቈረቈረችው ከዚያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ በዚህ ሜዳ የሚታዩት ሣርና ዛፍ፥ ወፎችም፥ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡ እረኞችም ነበሩ። የሲዳሞ አገረ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ሲሆኑ መቀመጫቸው ከዚህ ወደ ደቡብ በምትገኘው በይርጋለም ነበረ። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ላይ ሞተው ነበር።

በአድዋ የተሸነፈው የኢጣሊያ መንግሥት ያን ሽንፈት አልረሳውም። አርባ ዓመት በልቡ ይዞት ኖረ። ሙሶሊኒ የሚባለው ገዥም በተነሣ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ የአድዋን ብድር እንመልሳለን እያለ ያስተምረው ጀመር። ብድሩ የሚመለስባቸው ሰዎች ግን እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ አድዋ ሲሆን ገና ያልተወለዱ ነበሩ። እንዲሁም የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። በሰሜን ብቻ አልነበረም፤ በደቡብም ግራዚያኒ የሚባል ጄኔራል ከሶማልያ በኩል ሌላ ጦር ይዞ መጣ።

ራስ ደስታ የሲዳሞን ጦር አስከትተው ይህን ጄኔራል ሊገጥሙ ወደ ዶሎ ተጓዙ። ዶሎ ከኬንያና ከሶማልያ ወሰን አጠገብ ያለ በረሃ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከደጋ የሚወርደው ወታደር የሚበዛው በእግሩ የሚሄድ ነበረ። ስንቁንም የሚያደርስለት መንግሥት አልነበረም፤ ከቤቱ ያመጣውን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፥ ወይም ሚስቱ ተሸክማለት ይሄዳል። ሴቶች ከጦሩ ጋር ተጉዘው እህል ይፈጩ፥ እንጨት ይለቅሙ፥ ውኃ ይቀዱ ነበር። የጦርነት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የእነዚህ ስም አይነሣም፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩ ጦሩ አንድ ሳምንት አይጓዝም ነበር።

በአገር ቤት ደግሞ ያ ወራት አዝመራ የሚሰበሰብበት ነበረ። አጫጁ ዘምቶአልና እህሉ የሚቀረው በሴቶች፥ በሽማግሌዎችና በሕፃናት እጅ ነው። ጦርነት ረኃብን የሚወልደው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ጥይት ባልደረሰበት መንደር እንኳ ጎተራው ባዶ ይሆናል። የሲዳማ ገበሬ በጓሮው እንሰት አለው። እንሰት እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ በአንድ ወቅት ብቻ የሚታጨድ አይደለም፤ ለዓመታት ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቃል። በክፉ ቀን ብዙ ቤት በቆጮ የዳነው ስለዚህ ነው። ወደ ዶሎ የወረደው ወታደር ግን የእንሰቱን ጓሮ ትቶት ሄዶአል። በዚያ በረሃ ረኃቡና በሽታው፥ ከላይም አይሮፕላኑ አስጨነቀው።

አሁን ወደ ድንኳኑ ነገር እንመጣለን።

ስዊድን ከአውሮፓ በስተ ሰሜን ያለች ብርዳም አገር ናት። የአገሩ ሰዎች ኢትዮጵያ መወረሯን በሰሙ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተው ሐኪሞችና አስታማሚዎች፥ መድኃኒትና ካሚዮን ሰደዱ። እነዚህም ሰዎች የራስ ደስታን ጦር ተከትለው በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ በሚባል ስፍራ ድንኳናቸውን ተከሉ። በድንኳኑም ላይ ቀይ መስቀል ነበረበት።

የዚህ ምልክት ትርጕም ምንድር ነው? በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር ሶልፌሪኖ በሚባል ስፍራ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ሄንሪ ዱናን የሚባል አንድ የስዊስ ሰው በዚያ ሲያልፍ ቍስለኞች የሚያነሣቸው አጥተው ሜዳ ላይ ወድቀው አየ። የአካባቢውንም ሰዎች አስተባብሮ፥ የማን ወገን ናቸው ሳይል ያስታምማቸው ጀመር። ከዚህም የተነሣ በአምስተኛው ዓመት መንግሥታት ተሰብስበው፥ ቀይ መስቀል ያለበትን ድንኳንና የሚያስታምመውን ሰው ማንም እንዳይነካው ሕግ አወጡ። ኢጣሊያም ሕጉን ከተቀበሉት አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያም ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ነበር።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ወደ መልካ ዲዳ መጡ። በድንኳኖቹ ላይ ቦምብ ጣሉ፥ በመትረየስም ተኰሱ። ሊነሡ የማይችሉ ቍስለኞች በተኙበት ሞቱ። ጉናር ሉንድስትሮም የሚባለው ስዊድናዊ ሞተ፤ የሐኪሞቹ አለቃ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቈሰሉ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጅዋን አንሥታ «መምህር ሆይ፥ ምልክቱን አላዩትም ይሆን?» አለች።

መምህሩም እንዲህ ብለው መለሱላት፦ አይሮፕላኖቹ ወረቀትም በትነው ነበርና ምክንያታቸውን ከዚያ እናውቀዋለን። ከጥቂት ቀን በፊት አንድ ኢጣሊያዊ አይሮፕላን ነጂ በኦጋዴን በደጋሃቡር አጠገብ ወርዶ ተይዞ ተገድሎ ነበር። የኢጣሊያ ሰዎች የዚያን ሰው ደም እንመልሳለን አሉ። ምርኮኛን መግደል ሕግ የከለከለው ነገር ነው፤ ያደረገው ወገናችን ቢሆንም ጥፋቱን ጥፋት አይደለም አንልም። ነገር ግን ደጋሃቡር ከመልካ ዲዳ ብዙ ቀን የሚያስኬድ ሩቅ አገር ነው። በድንኳኑ ውስጥ ተኝተው የነበሩት ቍስለኞች ያን ነጂ አላዩትም፥ ስሙንም አልሰሙትም።

ግንባሩ የታሰረው ልጅ በፊተኛው መስመር ተቀምጦ ነበር። ድንጋይ የወረወረው ልጅ ግን ከኋላ ሆኖ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። መምህሩ ወደ ሁለቱም አልተመለከቱም፤ ታሪካቸውን ቀጠሉ።

በጥር ወር የራስ ደስታ ጦር በገናሌ ዶርያ ተሸንፎ ተበተነ። በሰሜንም መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ሆነ፤ በዚያ ዘመቻ ኢጣሊያ ሕግ የከለከለውን የመርዝ ጋዝ ከአይሮፕላን ታፈስስ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጄኔቭ ሄደው በሰኔ ወር በመንግሥታት ማኅበር ፊት የሕዝባቸውን በደል ተናገሩ፤ ማኅበሩ ሰማ፥ የረዳ ግን አልነበረም።

ራስ ደስታ ግን ወደ ውጭ አገር አልሄዱም። በሲዳሞ ተራሮች እየተዋጉ ቈዩ። በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ይርጋለም በጠላት እጅ ገባች። እርሳቸውም ከደጃዝማች ገብረ ማርያምና ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋር ሆነው ወደ ሰሜን፥ ወደ ሐይቆቹ አገር አለፉ። በየካቲት ወር ጎገቲ በሚባል ስፍራ ተከብበው ሁለቱ ደጃዝማቾች ሞቱ። ራስ ደስታም አመለጡ፤ ነገር ግን ጥቂት ቀን ሳይቈዩ ተይዘው የካቲት 17 ቀን በቡታጅራ በጥይት ተገደሉ። አዲስ አበባ የሄደ ሰው በራስ ደስታ ስም የሚጠራ ሆስፒታል፥ በገብረ ማርያምም ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት ያገኛል። በየዕለቱ እነዚህን ስሞች የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ታሪኩን የሚጠይቁ ግን ጥቂት ናቸው።

በዚያው ሳምንት በአዲስ አበባ የሆነውን ደግሞ ስሙ። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ያ በዶሎ የነበረው ጄኔራል ነው፤ ያን ጊዜ የአገሩ እንደራሴ ሆኖ ነበር። ቈሰለ እንጂ አልሞተም። ወጣቶቹም ከከተማው አመለጡ። ከዚህ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የተገኘው ኢትዮጵያዊ ሁሉ በመንገድና በቤቱ ተገደለ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱት 30 ሺህ ናቸው ብሎ አስታውቆአል። ቦምብ የወረወሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ተማሪዎቹ ዝም አሉ። በሐይቁ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን እየቀዘፈ ያልፍ ነበር፤ እርሱ እስኪያልፍ ድረስ የተናገረ የለም።

ከዚያም አንድ ልጅ «ግራዚያኒ ግን ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ።

ግራዚያኒ በአገሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. 19 ዓመት ተፈረደበት። ይህም ከጀርመኖች ጋር ስለ ሠራው ነገር ነው እንጂ በኢትዮጵያ ስላደረገው አይደለም። እርሱም ጥቂት ወር ታስሮ ተፈታ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የወረወሩትን ስላጡ ያልወረወሩት ተገደሉ፤ ያስገደለው ግን ስለዚህ ነገር ሳይጠየቅ ቀረ።

ከዚያም በኋላ በ1933 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህ አገር ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የሚሸሸው የኢጣሊያ ጦር ነበረ። የእንግሊዝ መንግሥት ካሰለፋቸው ወታደሮች ብዙዎቹ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ዛሬ ጋና ከምትባለው ከጎልድ ኮስት የመጡት በወደራ ተዋግተው ወደ ሲዳሞ ገቡ፥ ከኬንያም የመጡት በሻሸመኔና በቍሊቶ በኩል ተዋጉ። የአገሩም አርበኞች በየበኩላቸው ይዋጉ ነበር። ለእኛ አገር ነፃነት ከጋና መጥቶ በወደራ ጫካ የሞተ ሰው መኖሩን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ልክ በአምስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። ያን ጊዜ በከተማው ብዙ ሺህ ኢጣሊያውያን ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሁሉም ፈርተው ነበር። የካቲት 12ን ያየ ሰው በከተማው ሞልቶ ነበርና መፍራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያው ቀን ለሕዝቡ ባሰሙት ቃል፥ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ አዘዙ። ሕዝቡም ቤቱ የተቃጠለበት፥ ወንድሙ የሞተበት ሆኖ ሳለ ይህን ቃል ሰማ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዳንዶቹ ኢጣሊያውያንም በዚሁ አገር ቀርተው መኪና ሲጠግኑ፥ ቤት ሲሠሩ ኖሩ። በሐዋሳ መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግነውን ሰው ጎሚስታ ብላችሁ የምትጠሩበት ቃል ከእነርሱ ቋንቋ የቀረ ነው።

መምህሩ ታሪኩን በዚህ ጨረሱ። ተማሪዎቹም ሊነሡ ሲሉ ድንጋይ የወረወረው ልጅ ከኋላ ቆመና «መምህር ሆይ፥ ሁሉንም ሰምቼአለሁ። ነገር ግን ደብተሬስ?» አለ።

አንዳንዶቹ ሳቁበት። መምህሩ ግን አልሳቁም። «መልካም ጠየቅህ፤ ደብተርህ ጠፍቶአልና ሊከፈልህ ይገባል። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የጣለው ነው። አንተ ብቻህን ስለማትችለው እኔ ለአባቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ስለ ፈነከትኸውም ልጅ በዚያው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሁለቱንም ራስህ ታደርሳለህ» አሉት።

ወደ ክፍል በተመለሱ ጊዜ ደብዳቤውን ጽፈው አጥፈው ሰጡት። ልጁ ተቀበለና በሩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ቤቱ በየት ሰፈር እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። ከክፍሉም ተማሪዎች መካከል ያን ቤት የሚያውቅ ከአንዱ በቀር አልነበረም። እርሱም ግንባሩ የታሰረው ልጅ ነው። ደብተሮቹን ሰብስቦ ያዘና ከበሩ ወጣ፤ «በዚህ በኩል ነው» ብሎም መንገዱን እየመራ ሄደ።