ስለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ፤ ወዳጁን ከጠላቱ ስለ መለየት

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ግርጌ አተርና ባቄላ፥ ገብስና ስንዴ ይዘራል። በአዝመራውም ላይ ጀርባው ቀይ፥ ነጠብጣቡ ጥቁር የሆነ ታናሽ ጥንዚዛ ይታያል። ገበሬው ሁሉንም እንደ ተባይ ቆጥሮ ቢገድል፥ የእህሉን ጠባቂ ከእህሉ ሌባ ጋራ አብሮ ማጥፋቱ ነው። ስለዚህ መምህሩ ለተማሪዎቹ፥ ሽማግሌውም ለአገሩ ሰው ልዩነቱን ሊያስረዳ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ስለ ወገኑ።
ይህ ጥንዚዛ ጀርባው እንደ ጉልላት የጎበጠ፥ ሆዱ ጠፍጣፋ፥ እግሩ 6፥ ቀንዱ አጭርና ጫፉ ወፈር ያለ ነው። ጠንካራው የላይ ክንፉ የመብረሪያውን ክንፍ እንደ ሰገባ ይሸፍናል። ሲነኩት ከእግሩ መገጣጠሚያ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ «ኮክሲኔላ» በሚል ስም መድቦታል። ዛሬ ወገኑ በጠቅላላው ኮክሲኔሊዴ ይባላል፤ የታወቁትም ዓይነቶች 6000 ያህል ናቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወዳጁ።
ክሽክሽ የአተሩንና የስንዴውን ጭማቂ እየመጠጠ ያጠወልጋል። ሂፖዳሚያ ቫሪዬጋታ የተባለው ጥንዚዛ ግን ክሽክሹን ይበላል። ጀርባው ጠጉር የሌለውና የሚያብረቀርቅ ነው። ትሉም ጠቆር ያለ፥ እግረ ረዥምና ፈጣን ነው፤ ወላጆቹን በመልክ ስለማይመስል ብዙ ሰው ሳያውቅ ይገድለዋል። እርሱም ክሽክሽ በላተኛ ነውና ሊጠበቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጠላቱ።
ክኖትሪባ ሲሚሊስ የገብስ፥ የስንዴና የጤፍ ቅጠል ይበላል። «ሲሚሊስ» በላቲን «ተመሳሳይ» ማለት ነው። ጀርባው በአጫጭር ጠጉር ስለ ተሸፈነ ደብዛዛ ነው። የትሉም ገላ ቅርንጫፍ ባለው እሾህ የተሞላ ነው። የቅጠሉን አረንጓዴ እየፋቀ ስለሚበላ፥ በቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ይቀራል።

አራተኛ፤ ስለ መለያው።
የነጠብጣቡ ቍጥር ብቻ አያስተማምንም፤ በአንድ ዓይነት ውስጥ እንኳ ይበዛል፥ ያንሳልም። ወዳጁም በተበላ ቅጠል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ጀርባውን፥ ትሉንና ቅጠሉን ሦስቱንም ሳይመረምሩ አይፈረድበትም።

ጥያቄ።
1. ጀርባው የሚያብረቀርቀው ጥንዚዛ ምን ይበላል?
2. የሁለቱ ትሎች ልዩነት ምንድን ነው?
3. ነጠብጣቡን ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ስለ ምን ያሳስታል?